እህቴ ምስክር ፍለጋ አምባሰል የወጣች ጊዜ

ከወሎ ከተመለስኩ ወዲህ በርበሬ ስመዝን አጠገቤ እየቆማችሁ «እንዴት ነው አገሩ?» ትሉኛላችሁ። ግማሹን ሳልነግራችሁ ደንበኛ ይመጣል፣ ወሬው ሚዛን ላይ ይቀራል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። እኔ ትምህርት ቤትን ደጁን እንጂ ውስጡን አላየሁም፤ ፊደል የለየሁት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። የተጣመመ ካገኛችሁ እያቃናችሁ አንብቡ።

የጉዞው ምክንያት ታላቅ እህቴ ጥሩወርቅ ናት። ባሏን ጋሼ ታደሰን ባለፈው ክረምት እንደቀበርን ታውቃላችሁ። አዲስ አበባ ሆስፒታል ነበር ያረፈው፤ መርዶውን ጎረቤት ተሰብስቦ ሊነጋጋ ሲል በሯን አንኳኩቶ ነገራት። ከዚያ ወዲህ ማለዳ በር ከተንኳኳ እህቴ ደሟ ይደርቃል። ሁለተኛ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወች። ተቆጥታ አይደለም። እሷ ስንት ዓመት የቀበሌያችን ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆና የሠራች ሴት ናት፤ ነገር ሳትመዝን አትቀበልም።

ለፋሲካ ቤቷ ሄጄ «ክርስቶስ ተነሣ» ብላት ሽንኩርቷን መላጥ አላቆመችም።

«ማን አየ?» አለችኝ።

ወንጌሉን ጠራሁላት። አራት ሰው ጽፎታል፣ አራቱ ግን በሴቶቹ ቁጥር እንኳን አይስማሙም፣ አንዱ አንድ መልአክ ሲል ሌላው ሁለት ይላል፣ እኔ ችሎት ላይ እንዲህ ያለ ምስክር ቢቀርብ አሰናብት ነበር አለችና ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ስሚኝ፣ ለማጽናኛ የሚነገር ወሬ አልፈልግም። ታደሰን እንደገና አየዋለሁ ብዬ ልቤን ማሳረፍ የምችለው ያ ነገር በእውነት ተደርጎ እንደሆነ ነው። ካልተደረገ ንገሩኝና እንደሚሆነው እሆናለሁ።»

እኔ ዶሮውን ማማሰል ያዝኩ።

በዚሁ ሰሞን ከአምባሰል መልእክት መጣ። የጋሼ ታደሰ የልጅነት ጓደኛ አያ እንድሪስ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው ለቅሶ መድረስ አልቻሉም፤ የወንድሜን ሚስት ሳላያት እንዳልሞት ብለው ላኩባት። አያ እንድሪስን በስም ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ሞቱ ተብሎ ተለቅሶላቸው በእግራቸው የመጡ ሰው ናቸው። ጋሼ ታደሰ ይህን ታሪክ ጠጅ በቀመሰ ቁጥር ያወራው ነበር፣ ባወራውም ቁጥር ይረዝም ነበር፤ እህቴ «ታደሰ ሲያወራ ግማሹን ጣሉት» እያለች አንድ ቀን አላመነችውም። አሁን ግን የባሏን ጋቢ አጥባ ለአያ እንድሪስ አጠፈች። እኔም በርበሬና ሽሮ ቋጥሬ ተከተልኳት።

የመጀመሪያው ቀን መንገድ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ከቢሾፍቱ ተነስተን አዲስ አበባ መናኸሪያ የደሴን አውቶቡስ ያዝን። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መስኮቱን ሲጋርደው ጋቢ ያስመኛል፣ ደብረ ሲና ቆሎ በመስኮት ይገዛል፣ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ደግሞ የለበሳችሁትን ሁሉ አውልቁ አውልቁ ይላችኋል። ባንድ ቀን የዓመቱን ወቅት ሁሉ አየን። ከሸዋ ሮቢት አለፍ እንዳልን ጎማ ፈነዳና ሁላችንም ግራር ሥር ተዘረገፍን። አንዲት የአካባቢው ሴት ማንም ሳይጠይቃት በጀሪካን ውኃ ይዛ መጣች፣ ሁሉን አጠጥታ ስሟን እንኳን ሳትነግረን ሄደች። እኔ ከአውቶቡሱ ስወርድ የጫማዬ ሶል ተገንጥሎ ቀረ። ረዳቱ ሳቁን ይዞ በሽቦ አሰረልኝ። ከዚያ ወዲያ በረገጥኩ ቁጥር ጫማዬ እንደ ላላ ቆርቆሮ ይንኳኳ ጀመር።

ደሴ ላይ መኪና ቀይረን ሐይቅ ከተማ የገባነው መሽቶ ነው። ያረፍንበት ቤት ቧንቧው ደርቆ ነበር፤ ባለቤቲቱ ግን «አብሽሩ፣ ውኃ ከጠፋ እኛ አለን» ብላ ከጎረቤት አስመጥታ አሙቃ እግራችንን አስታጠበችን። ቢሾፍቱ ቢሆን «ነገ ይመጣል» ይሉንና እንተኛ ነበር። ጫማዬን አይታ ሸበጥም ሰጠችኝ። ማለዳ ሳየው ሁለቱም የግራ ነው። መመለስ ነውር መሰለኝና እንደ ዳክዬ ወደ አንድ ጎን እያዘነበልኩ ወጣሁ።

ሁለተኛው ቀን ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ በእግር ሄድን። እኛ ቢሾፍቱዎች የሐይቅ አገር ሰዎች ነንና ውኃ አያስደንቀንም ብዬ ነበር፤ የኛዎቹ ሐይቆች ግን ገደል ውስጥ ተቀምጠው ቁልቁል ነው የሚታዩት። ይኼኛው ከማሳው ጋር እኩል ተኝቷል፤ ገበሬው በሬውን ፈትቶ እዚያው ያጠጣዋል። ገዳሙ ደጃፍ ስንደርስ እንግዲህ ሴት አታልፍም። ደንቡ ነው። ከዛፍ ሥር ተቀመጥን፣ አንድ ሽማግሌ የመጽሐፍ መምህር ወደኛ ወጡ። አሳልመውን ከየት እንደመጣን ከጠየቁ በኋላ እህቴ ዙሪያ ጥምጥም አላለችም። ለኔ ያለችኝን ሁሉ አንድ ሳታስቀር አቀረበችላቸው። እኔ አፍሬ ሸበጤን አያለሁ።

መምህሩ አልተቆጡም። ሥራዋን ጠየቋት፤ ዳኛ እንደነበረች ስትነግራቸው ፊታቸው በራ።

«እንግዲያ እኔ ልጠይቅሽ» አሉ። «ሁለት ምስክር መጥተው ቃል በቃል አንድ ዓይነት ቢናገሩልሽ ምን ትያለሽ?»

እህቴ ከክረምት ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። «እነሱንማ ‹የትኛው ዛፍ ሥር ስትማከሩ አረፈዳችሁ?› ብዬ ነው የማፋጥጣቸው» አለች።

«አየሽ» አሉ።

አንዱ ከፊት ያየ አንዱ ከኋላ ያየ ሰው በዝርዝሩ እንደሚለያይ፣ በዋናው እንደሚገናኝ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። መምህሩ ቀስ እያሉ ቀጠሉ። በዚያ ዘመን በአይሁድ ዘንድ የሴት ምስክርነት እንደ ወንድ አይቆጠርም ነበር አሉ። ታሪኩን ደቀ መዛሙርቱ ቢፈጥሩት ኖሮ ባዶ መቃብሩን መጀመሪያ ያየ ብለው አንድ የተከበረ ሽማግሌ ያቆሙ ነበር እንጂ ማንም የማይሰማቸውን ሴቶች አይጠሩም። ስለራሳቸውስ የጻፉት? እንደሸሹ፣ በር ዘግተው እንደተደበቁ፣ ሴቶቹ ሲነግሯቸውም ቅዠት ነው እንዳሉ። በፈጠረው ታሪክ ራሱን የሚያዋርድ ማነው? ደግሞም ስብከቱን የጀመሩት ማንም ሊያጣራ በማይችልበት ሩቅ አገር አይደለም፤ እዚያው ኢየሩሳሌም፣ መቃብሩ በእግር በሚደረስበት ከተማ ነው።

«ሰው ለውሸትም ይሞታል አባታችን» አለች እህቴ።

«ለሰማው ውሸት ይሞታል። ራሱ ለፈጠረው ውሸት ግን እስከ መጀመሪያው ጅራፍ ድረስ ነው።»

እህቴ ከኔ ቅመም ስትገዛ እንደምታደርገው ራሷን ወዘወዘች። ይሄ ጥሩ ነው ማለቷ ነው። ግን አልለቀቀቻቸውም። ከመጀመሪያውም ሞቶ እንደነበር በምን ይታወቃል፣ ነገ የምንሄድበት የባሌ ጓደኛ ሞተ ተብሎ ተለቅሶለት መጥቷል ይባላል አለቻቸው። መምህሩ ይህን ሲሰሙ መቁጠሪያቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

«በይ ሂጂና ሰውየውን እዪው። ያን ጊዜ ሲመጣ ምን ይመስል እንደነበር ጠይቂ፤ ከዚያ አንቺው ፍረጂ።»

ስንመለስ እህቴ ወደ ደጃፉ ዞር ብላ አየችና «ወንዶቹ ውስጥ፣ እኛ ውጭ። ያን ጊዜም ቀድሞ ያየው ውጭ የነበረው ነው» አለችኝ። እኔ በሳቅ አንዱን የግራ ሸበጤን ጭቃ ውስጥ ተውኩት፤ ተመልሼ ቆፍሬ አወጣሁት።

ምሳ የሐይቅ ዓሣ በላን። እናንተ እንዳትሰሙኝ እንጂ ከኛው ይጣፍጣል። በዓለ ሃምሳ ነውና ጾምም የለ፣ እጃችንን እስክንልስ በላን። እህቴ ደግሞ ለአያ እንድሪስ ቤት የሚሆን ትኩስ ዓሣ ገዛች። ሥጋ ብንወስድላቸው እነሱ እስላም እኛ ክርስቲያን፣ አንዳችን የአንዳችንን እርድ አንበላም፤ ዓሣ ግን ራሱ ነው የሚሞተው።

ሦስተኛው ቀን በሚኒባስ ወደ ውጫሌ መንገድ ወጣን። ሾፌሩ የአምባሰል ዘፈን ከፍቶ ነበር። ጋሼ ታደሰ ፂሙን ሲላጭ የሚያፏጨው ያንኑ ቅኝት ነው፤ እህቴ ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች። እኔም እንዳላየ ሆንኩ። ይህን ጊዜ የዓሣው ፌስታል ተቀዶ ኖሮ ውኃው አጠገባችን በተቀመጡት ሰውዬ ነጭ ሱሪ ላይ ወረደ። ለሰርግ እየሄዱ ነው። እኔ በነጠላዬ ጫፍ ልጠርግ ስነሳ በሸበጤ እግራቸውን ረገጥኩ። ሰውየው ሱሪያቸውን አዩ፣ ሸበጤን አዩ፤ «አብሽሪ እናቴ፣ አንቺ ከኔ ትብሻለሽ» አሉኝ። ሚኒባሱ ሁሉ ሳቀ፣ እህቴም ሳቀች።

የአያ እንድሪስ ቤት ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ከአምባው ግርጌ ነው። በከዘራ ተደግፈው ደጅ ቆመው ጠበቁን፤ ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ከኋላቸው። ወግ ነውና መጀመሪያ ለቅሶ ተለቀሰ። አያ እንድሪስ «ወንድሜ፣ እኔን አልቅሰህ መልሰህ አንተ ቀደምከኝ» እያሉ ሲያለቅሱ እኔ ያልወለደኝን አገር ሰው አቅፌ አነባሁ። እህቴ ጋቢውን ስታለብሳቸው ጨርቁን አሸተቱት። ከዚያ እትዬ ዘይነባ ዓይኗን ጠርጋ ጎረቤቷን ወይዘሮ ደብሬን ተጣራች። ወይዘሮ ደብሬ ክርስቲያን ናት። ለካ በዚህ ቤት ለክርስቲያን እንግዳ የሚሆን ድስትና ሰሃን ለብቻው ይቀመጣል፤ ዶሮውን ከዘይነባ በረት ይዛ ባሏ ባርኮ ያርዳል፣ እሷ ራሷ ትሠራለች። ዶሮው የዘይነባ፣ ቢላዋው የደብሬ። ዓሣውን ግን ከአንድ ትሪ በላን። አያ እንድሪስ እሾኩን እየለቀሙ «ዓሣ ጥሩ ነው፣ ሃይማኖት አይጠይቅም» አሉ።

አራተኛው ቀን ችሎት ዋለ። ሌላ ስም አላገኝለትም። እህቴ ከቁርስ በኋላ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ «በሉ እስኪ፣ የታደሰን ተረት ከናንተ ልስማ» አለች፤ ሦስቱ ተሻምተው ጀመሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያ እንድሪስ በወጣትነታቸው ሥራ ፍለጋ ባሕር ሊሻገሩ ወጡ፤ ጀልባዋ ሰጠመች፣ የተረፈ የለም ተብሎ ወሬ መጣ። ጋሼ ታደሰና ሽማግሌዎች ማለዳ የዘይነባን በር አንኳኩተው አረዷት። እስላም ክርስቲያኑ አለቀሰ። ወራት አለፉ። አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ውኃ የወረዱ ሴቶች አያ እንድሪስን ምንጩ ዳር ቁጭ ብለው አገኟቸው። ወይዘሮ ደብሬ አንዷ ነበረች። ሦስት ነበርን አለች፤ ዘይነባ ሁለት ናችሁ አለቻት። ደብሬ ቀይ ሸሚዝ ለብሶ ነበር ስትል ዘይነባ የምን ቀይ፣ አረንጓዴ ነው አለች። አያ እንድሪስ ሁለቱንም አይተው «ማዳበሪያ ከረጢት ነው የለበስኩት፣ ሸሚዙን ባሕር ወስዶታል» አሉ።

እህቴ እኔን አየችኝ። እኔም አየኋት።

ሴቶቹ እንስራቸውን ጥለው ሮጡ። ከመስጊድ የሚወጣውንም በሬ የሚጠምደውንም ወንድ ሁሉ አስቁመው እንድሪስ መጥቷል አሉ። ወንዶቹ ሳቁባቸው። «ሌሊት ምን በልታችሁ አደራችሁ?» አሏቸው። ሮጦ ምንጩ ድረስ የወረደው ጋሼ ታደሰ ብቻ ነው። ደብሬ እስከ ዛሬ ይቆጫታል። «ከነዚያ ወንዶች ሁሉ ይቅርታ የጠየቀኝ ታደሰ ብቻ ነው፣ ነፍሱን ይማረው» አለች። እህቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

አሁን ጭንቁ ዘይነባ ናት። እንድሪስ ዝም ብሎ ቢገባባት ልቧ ቀጥ ይላል። ሽማግሌዎቹ መከሩ፦ ሞቱን የነገርን እኛ ነን፣ መኖሩንም በዚያው አፍ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው በር እንንገር። እንድሪስን ያን ቀን ታደሰ ቤት ሸሽገው አዋሉት። በማግስቱ ማለዳ መርዶ ነጋሪዎቹ ሁሉ ተሰልፈው ሄደው በሯን አንኳኩ።

«አልከፈትኩማ!» አለች ዘይነባ። «ድምፃቸውን ለይቼ አውቀዋለሁ። ባንድ ባል ሁለት መርዶ የለም ብዬ ከውስጥ ቀረቀርኩ። ታደሰ በቀዳዳው ‹የምሥራች› ይለኛል። እኔ ‹ምሥር ብላ› የምል መሰላችሁ? ፀሐይ እስኪወጣ በር ላይ አቆምኳቸው።»

ስትከፍት እንድሪስ ቆሟል። ጂኒ ነው ብላ አላስጠጋ አለች። በመጨረሻ ቂጣ ሰጥታ ፊቱ ተቀመጠች። «ሲውጥ ጉሮሮውን አየሁ። ያን ጊዜ አመንኩ።»

«እሱም ከተነሣ በኋላ ዓሣ ጠይቆ በላላቸው» አለች እህቴ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። ከዚያ ቀና ብላ የመምህሩን ጥያቄ ጠየቀች። «ዘይነባ፣ ሲመጣ ምን ይመስል ነበር?»

«ምን ይመስላል? አጥንት። ደስታዬን ትቼ አለቀስኩለት። ወላሂ፣ ስንት ወር ሙሉ በአጥሚት ነው ሰው ያደረግኩት።»

«ሞትን አሸንፎ መጣ ያለ አልነበረም?»

«ምኑን ያሸንፋል እቴ፣ ዝንብ እሽ ማለት አቅቶት!» አለች ደብሬ። ከሁሉም በላይ የሳቁት አያ እንድሪስ ናቸው።

እህቴ አልሳቀችም። ችሎት ላይ ፍርድ ልትሰጥ ስትል እንደምታደርገው ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አኖረች።

«ከሞት የተረፈ ሰው ያሳዝናል» አለች። «ያን ያህል ተገርፎ፣ ተቸንክሮ፣ ጎኑ ተወግቶ ነፍሱ ሳትወጣ የተረፈ ሰው ቢመጣባቸው ኖሮ እነዚያ ሰዎች በር ዘግተው አጥሚት ነበር የሚያፈሉለት። አላስታመሙትም። ሰገዱለት። ከዚያ የፈሩትን በር ከፍተው ወጡ።»

አያ እንድሪስ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና በሚያምረው የወሎ አነጋገራቸው፣ በስቅለቱ ነገር መንገዳችን እንደሚለያይ አንቺም ታውቂያለሽ አሏት። «ቂያማ ግን የሁላችንም ነው። ታደሰን አላህ ያስነሳዋል፤ እኔንም ያስነሳኛል። እኔ በበኩሌ አንድ ጊዜ ተለማምጄዋለሁ።»

ያን ጊዜ እህቴም ሳቀች፣ አለቀሰችም። ዘይነባ ትከሻዋን ይዛ «አብሽሪ እህቴ፣ አብሽሪ» ትላታለች። ሽንኩርት ስትልጥ የነበረችው ሴት ይቺ ናት ብዬ አላምንም።

አምስተኛው ቀን መመለሻችን ነው። አያ እንድሪስ ዱዓ አደረጉልን፣ ደብሬ ዳቦ ቋጠረችልን፣ ዘይነባ ደግሞ ሸበጦቼን ከእግሬ ነጥቃ አጥሩ ላይ ሰቀለቻቸውና የራሷን ጫማ አጠለቀችልኝ። አንድ ቀኝ፣ አንድ ግራ! እንደ ንጉሥ ልጅ ሄድኩ። ጣርማ በር ላይ እህቴ «ታደሰ እውነቱን ነበር ያወራው ለካ። ግማሹን ነው የጣልኩበት» አለችኝ።

ከገባን በኋላ በመጀመሪያው እሑድ ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። ማለዳ የሚያንኳኳ ምን እንደሚይዝ የቤታችን ሰው ሁሉ ያውቃል። «ማነው?» ስል መልስ የለም። እንደ ዘይነባ ላለመክፈት አሰብኩ። ከዚያ ከውጭ አንድ ድምፅ፣

«የምሥራች» አለኝ።

ከፈትኩ። ያቺ ማለዳ የሚንኳኳ በር የምትፈራው እህቴ ራሷ ናት። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ቆማለች።

«ምሥር ብይ» አልኳት።

«ክርስቶስ ተንሥአ» አለችኝ፣ «በይ ተነሺ፣ ቅዳሴው እንዳያመልጠን።» እኔ በጨለማው አልጋ ሥር የዘይነባን ጫማ ስዳብስ እሷ ደጃፉ ላይ ሆና መታገሥ አልቻለችም። «ሴቶቹ እኮ ማልደው ነው የሄዱት፤ አንቺ እስከ አሁን ጫማ ትፈልጊያለሽ?»